ማይክሮዌቭና የምግባችን ገንቢነት፦ ጎመኑ፣ ወጡና እንጀራው ንጥረ ነገራቸውን ሳያጡ እንዴት ይሙቁ?

እናቴ ሜሪላንድ ልትጠይቀኝ የመጣች ሰሞን ማይክሮዌቩን አላስነካ አለችኝ። «በሱ የሞቀ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ ለሰውነት የሚሰጠው ነገር የለም» ትላለች። በዚያው ሳምንት ጎመን ገዝተን ገባን። ትልቅ ድስት ሙሉ ውሃ አፍልታ ጎመኑን ቀቀለችው፤ አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አወጣችውና በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ አረንጓዴውን ውሃ ላቫንዲኖው ውስጥ ደፋችው። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ውሃ ነው። ከጎመኑ ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት ብዙው አብሮት ሄዷል፤ ማይክሮዌቩ ግን ያን ቀን ጨርሶ አልተከፈተም።

እናቴ የሠራችው አብዛኞቻችን ያደግንበትን አሠራር ነው፤ ጎመኑም ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን የምግብን ንጥረ ነገር የሚቀንሰው ማሽኑ ሳይሆን ብዙ ውሃ፣ ረጅም ጊዜና ከፍተኛ ሙቀት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህ ሦስቱ በድስትም፣ በምጣድም፣ በማይክሮዌቭም ያው ናቸው። ማይክሮዌቭ በአግባቡ ሲያዝ ውሃውንም ጊዜውንም ስለሚያሳጥር አትክልትን ከመቀቀል ይልቅ ይቆጥባል። ያለአግባብ ሲያዝ ደግሞ እንደማንኛውም እሳት ያበላሻል። ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

ከመጀመራችን በፊት፦ ውስጡ ምን ይሆናል?

የማይክሮዌቭ ምድጃ ሐሳብ የመጣው ከራዳር ሥራ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በራዳር መሣሪያ አጠገብ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ እንደቀለጠበት ይነገራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰው ቁመት የማይተናነስ የመጀመሪያው ምድጃ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ወጥ ቤታችን ያለው አብዛኛው ምድጃ 2.45 ጊጋኸርዝ በሆነ ሞገድ ይሠራል። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ቅንጣት በፍጥነት ያወዛውዘዋል፤ ከውዝዋዜው ሙቀት ይፈጠራል፤ ምግቡ የሚበስለው በዚያ ሙቀት ነው።

«ጨረር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። ይህ ሞገድ ከሬዲዮ ሞገድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር ከአተሞች ኤሌክትሮን የመንጠቅ ጉልበት የለውም፤ ምግቡንም ጨረር አመንጪ አያደርገውም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃን ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ ምድጃው ሲቆም ሞገዱም ያበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በማይክሮዌቭ የበሰለ ምግብ በተለመደው ምድጃ ከበሰለው ጋር በደኅንነትም በገንቢነትም እኩል ነው ብሎ አስታውቋል። መጠንቀቅ ያለብን በሩ ላይ ነው። የተጣመመ፣ ጎማው የተላጠ ወይም በደንብ የማይዘጋ በር ያለውን ምድጃ አትጠቀሙ።

የትኛው ንጥረ ነገር በቀላሉ እንደሚጎዳ መለየትም ሥራውን ያቀላል። ብረት፣ ካልሲየምና ዚንክ በሙቀት አይጠፉም፤ የሚጠፉት ውሃ ውስጥ ገብተው ውሃው ሲደፋ ነው። ስለዚህ የጤፍ እንጀራችሁ ብረት በማይክሮዌቭ ወዴትም አይሄድም። የምስርና የሽሮው ፕሮቲንም እንደዚያው። ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ቢ1 ግን ውሃም ይወስዳቸዋል፣ ሙቀትም ይጎዳቸዋል። በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወደ ውሃ አይሸሽም፤ ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ግን ጥቂት ዘይት ይፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ምረጡ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የብዙዎቻችን ፍሪጅ በእርጎና በአይስክሬም ባዶ ዕቃ ተሞልቷል። ወጥ እንሞላበታለን፤ ሥራ ቦታ ይዘነው እንሄዳለን፤ እንዳለ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንከተዋለን። እነዚህ ዕቃዎች ለቀዝቃዛ ምግብ የተሠሩ ናቸው። ወጣችን ደግሞ ቅባት አለው። ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ እዚያው ይቆማል፤ ዘይትና ቅቤ ግን ከዚያ በላይ ይግላል። ቀዩ ወጥ ፕላስቲኩን አቅልጦ ጠባሳ ሲጥልበት ያያችሁት ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ሲግል ከውስጡ የሚወጡ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ይገባሉ፤ ቅባት ያለው ምግብ ደግሞ ይበልጥ ይስባቸዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ወይም ሸክላ ሳህን ተጠቀሙ። ፕላስቲክ ካስፈለገ ለማይክሮዌቭ እንደሚሆን ምልክት ያለበትን ብቻ ውሰዱ፤ እሱም ከተሰነጠቀ ወይም ከደበዘዘ ይጣል። ብረት፣ ፎይልና ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተሰመረ ሲኒ አይገቡም፤ ብልጭታ ይፈጥራሉ። የማታ ተራ ስሠራ ከቤት አንድ ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ወጡን በፕላስቲክ ይዤ ብሄድ እንኳ ሳሞቀው ወደ ሳህኑ እገለብጠዋለሁ።

ደረጃ 2፦ የምድጃችሁን ጉልበት እወቁ

በሩን ስትከፍቱ በውስጥ በኩል ወይም ከጀርባው የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ የዋት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,200 ነው። በ1,000 ዋት 2 ደቂቃ የሚፈጅ ምግብ በ700 ዋት 3 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምሰጠው ሰዓት ሁሉ ለ1,000 ዋት ነው። ይህን ሳያውቁ «5 ደቂቃ ይበቃዋል» ብሎ መጫን ምግብን ያለ ምክንያት ማድረቅ ነው፤ በደረቀ ቁጥር ደግሞ ሙቀት የማይወዱት ቫይታሚኖች ይቀንሳሉ።

ደረጃ 3፦ ጎመን

ወደተነሳንበት ጎመን እንመለስ፤ ማይክሮዌቭ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ለቅጠላ ቅጠል ነውና።

መጀመሪያ ቅጠሉን ሳትቆርጡት እጠቡት። ከትፎ ማጠብ የተከተፈውን ጠርዝ ሁሉ ለውሃ ይከፍታል። ከታጠበ በኋላ ወፍራሙን አገዳ አውጡና ክተፉት። አንድ እስር ጎመን በትልቅ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉ፤ ቅጠሉ ላይ የቀረው ውሃ አለ፤ በዚያ ላይ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ጨው አሁን አይጨመርም። በሳህን ክደኑት፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ትንሽ ክፍተት ተዉ።

በሙሉ ኃይል 4 ደቂቃ አብስሉ። አውጥታችሁ ከታች ወደ ላይ ገልብጡት፤ መልሳችሁ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ጨምሩለት፤ እንደ ቅጠሉ ጥንካሬ ነው። ክዳኑን ስታነሱ ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ወደ ውጭ አንሱት፤ እንፋሎቱ ክፉኛ ያቃጥላል። አረንጓዴነቱ ደምቆ ቅጠሉ ሲለሰልስ ደርሷል።

በዚህ መሃል ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ጨምሩበት። ጎመኑን ከሳህኑ ላይ ካለው ውሃ ጋር ገልብጡበትና ጨው ጨምራችሁ 5 ደቂቃ አቁላሉት። መጭመቅ የለም፤ መድፋት የለም። ውሃው ጥቂት ስለሆነ ድስቱ ላይ ይመጠጣል፤ የወጣው ቫይታሚንና ማዕድን ተመልሶ ምግቡ ውስጥ ይገባል። እናቴ ጣዕሙ «ትንሽ ጎመን ጎመን ይላል» አለች፤ በእርግጥም የጎመኑ ጣዕም ጠንከር ይላል፤ እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። ምሬቱ የሚያስቸግረው ሰው ዘይቱንና ዝንጅብሉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሰማውን አንድ ጥናት ላንሳ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከስፔን የወጣ ጥናት ብሮኮሊ በማይክሮዌቭ ሲበስል ፍላቮኖይድ ከሚባሉት ጠቃሚ ንጥረ ነገሮች 97 በመቶውን እንደሚያጣ ገለጸ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የሚረሳው ነገር ብሮኮሊው ብዙ ውሃ ተጨምሮበት የተቀቀለ መሆኑ ነው። ውሃውን የጨመረ ሰው ማይክሮዌቩን ወደ ድስት ለውጦታል። ስለዚህ «ጥቂት ማንኪያ» ስል ከልቤ ነው፤ ኩባያ አይደለም።

ይኸው አሠራር ለቆስጣ፣ ለጥቅል ጎመንና ለፎሶሊያ ይሠራል፤ ሰዓቱ ብቻ ያጥራል። ቆስጣ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ይደርሳል።

ደረጃ 4፦ ድንች፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት

ድንችን በደንብ አጥባችሁ ከነልጣጩ በሹካ ስድስት ሰባት ቦታ ውጉት፤ ካልተወጋ ይፈነዳል። መካከለኛ አንድ ድንች 5 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ይገለበጣል። ውሃ ስላልነካው ቫይታሚን ሲውና ፖታሲየሙ ውስጡ ይቀራል። ለአልጫ ወይም ለድንች ሰላጣ የምትፈልጉት ከሆነ ሲበርድ ይላጣል። ስኳር ድንችም እንዲሁ።

ካሮት ከሁለት ማንኪያ ውሃ ጋር ተከድኖ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፤ ሲወጣ ጥቂት ዘይት ጣል አድርጉበት።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው መነገር አለበት። ጠቃሚ የምንለው ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው ሲፈጭ ወይም ሲቀጠቀጥ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ሲጀምር ነው። ወዲያው ከቀጠቀጡ በኋላ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት፣ ለ1 ደቂቃም ቢሆን፣ ያን ኢንዛይም ሥራውን ሳይጨርስ ያቆመዋል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን አስቀድማችሁ ቀጥቅጡና 10 ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ ወደ እሳት ይግባ። ይህ ለድስትም ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ወጥ ማሞቅ

የሐበሻ ቤት ማይክሮዌቭ ዋና ሥራው ይህ ነው፤ ጥፋቱም የሚበዛው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ድስቱን ሙሉ ወጥ በየቀኑ እያወጣ ያሞቃል፤ የተረፈውን ይመልሳል፤ በማግስቱ እንደገና ያሞቃል። በእያንዳንዱ ማሞቅ ከቫይታሚኑ ይቀንሳል፤ በየመሃሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ባክቴሪያ የመራቢያ ጊዜ ያገኛል። ለምግቡ ገንቢነት ከማይክሮዌቩ ይልቅ ይህ ልማድ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ወጡ በተሠራ ዕለት ነው። እንፋሎቱ በረድ ሲል ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፤ ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፍሪጅ ይግባ። በተለይ የበዓል ማግስት ትልቁን ድስት ምድጃ ላይ ማሳደር ይቅር፤ ወፍራም ወጥ መሃሉ ቶሎ ስለማይበርድ ለባክቴሪያ ምቹ ነው። በ3 ወይም በ4 ቀን የማይበላው ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ሩዝ ላይ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ፤ ውጭ በቆየ ሩዝ ላይ የሚፈጠረውን አንዱን መርዝ ማሞቅ አያጠፋውም።

ለማሞቅ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ። ወጡን በሳህኑ ዳር ዳር እንደ ቀለበት ዘርጉትና መሃሉን ባዶ ተዉት። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ክምር ካደረጋችሁት ዳሩ ሲፈላ መሃሉ ቀዝቃዛ ይቀራል። ክደኑት፤ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አሙቁ፤ አማስሉ፤ እንደገና 1 ደቂቃ። ከዚያ ሳትከፍቱት 1 ደቂቃ ይረፍ፤ ሙቀቱ በራሱ እየተዳረሰ ይቀጥላል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃሉ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረሱን ይመልከት፤ የሌለው ደግሞ ሁሉም ቦታ ላይ እንፋሎት እስኪወጣ ይጠብቅ።

ሽሮ ወፍራም ስለሆነ እየፈነጠቀ ምድጃውን ያለብሰዋል። በጥቂት ውሃ አቅጥኑት፤ ኃይሉን ወደ ግማሽ አውርዱ፤ በየደቂቃው አማስሉ። ምስርና ክክም በዚህ ይስማማሉ።

የዶሮ ወጥ እንቁላል ግን አደገኛ ነው። ሙሉውን የተቀቀለ እንቁላል ማይክሮዌቭ ውስጥ ማሞቅ አስኳሉ ውስጥ እንፋሎት ያጠራቅማል፤ አንዳንዴ የሚፈነዳው ወጥቶ ሲነከስ ነው። እንቁላሉን አስቀድማችሁ አውጡት፤ ለሁለት ክፈሉት፤ ወጡ ከሞቀ በኋላ ውስጡ አስገቡት፤ በወጡ ሙቀት ይበቃዋል።

አገር ቤት ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት መሃል ላይ ከሄደና ምግቡ ለብ ብሎ ከቀረ፣ መብራት ሲመጣ እቀጥላለሁ ብላችሁ ውስጡ አትተዉት። በጋዝ ወይም በከሰል ጨርሱት፣ አለዚያም ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መልሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ «ፈልቷል» ማለት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ዝቅ ያለ ሙቀት ነው፤ ጥራጥሬ ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ እንጀራ

ወጡን እንጀራ ላይ አድርጎ አንድ ላይ ማሞቅ ሁለቱንም ይጎዳል። ወጡ 2 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል፤ እንጀራው 15 ሰከንድ። ወጡ እስኪሞቅ እንጀራው ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ለየብቻ አሙቁ።

እንጀራውን ጠቅልሉት፤ ንጹሕ የወረቀት ፎጣ በውሃ ረጠብ አድርጋችሁ ጨምቁና አልብሱት፤ 15 ሰከንድ፣ ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ወዲያው ይበላ፤ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይሆናል። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው እንጂ የእንጀራው ብረትና አሰር እንዳለ ነው።

ደረጃ 7፦ ስጋና ወተት

ማይክሮዌቭ ላይ በእርግጥ ጥያቄ ካለ ቢ12 ላይ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ስጋና ወተት በማይክሮዌቭ ሲሞቁ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቢ12 እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ይህን ቫይታሚን በተፈጥሮ የምናገኘው ከእንስሳት ተዋፅኦ ነው። የዓመቱን እኩሌታ ያህል ለሚጾም ሰው የፍስኩ ወራት ወተትና ስጋ ትልቅ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ ወተቱን ማንተክተክ አያስፈልግም። የታሸገውና የፈላው ወተት ለብ እስኪል፣ አንድ ኩባያ ለ45 ሰከንድ ይበቃዋል። ጥሬ ወተት ግን መጀመሪያ መፍላት አለበት፤ እሱን በድስት አፍሉት። ጥሬ ስጋንም እኔ በማይክሮዌቭ አላበስልም፤ የተረፈውን ብቻ አሞቃለሁ፤ ከስጋው የወጣውን መረቅ ሳልጥል። በዝቅተኛ ኃይል ያቀለጣችሁት ስጋ ካለ ወዲያው ይብሰል እንጂ ተመልሶ ፍሪዘር አይግባ።

ለሕፃን ወተት

የእናት ጡት ወተትና የሕፃናት የዱቄት ወተት ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገቡም። ጡጦው ከውጭ ለብ ብሎ ሳለ ወተቱ መሃሉ ላይ የሚያቃጥል ቦታ ይኖረዋል፤ የልጁን አፍና ጉሮሮ ይልጣል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችም በዚህ ዓይነት ሙቀት ይቀንሳሉ። በጎድጓዳ ዕቃ ሙቅ ውሃ አድርጉ፤ ጡጦውን ከነክዳኑ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙበት፤ በቀስታ እያዟዟራችሁ ቀላቅሉት፤ በእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ። ሙቀቱ ካልተሰማችሁ፣ ቅዝቃዜውም ካልተሰማችሁ ለልጁ ደርሷል።